ከዶሮ ማነቂያ እስከ ምንጭ አፋፍ፦ የአባቴን ዛፍ ፍለጋ

“አንቺ ሰው ፊት ማፈር አልፈጠረብሽም፤ የምልክሽም ለዚሁ ነው” አለችኝ እናቴ።

ፊት ለፊቴ ነው ያለችው፤ ወንድሜ ናሆም እዚያው ቁጭ ብሎ ሻዩን እያማሰለ። ናሆም ቢላክ ዛፉን ሰጥቶ ጃኬቱን መርቆ ነው የሚመለሰው። ይህን እሱም ስለሚያውቅ ፈገግ አለ እንጂ አልተከራከረም። እኔም ስድብ ይሁን ምስጋና ሳይለይልኝ ቦርሳዬን ማዘጋጀት ጀመርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዶሮ ማነቂያ ያለው ቤታችን ሊፈርስ ነው። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ከተጻፈበት ሰነበተ፤ ከጎረቤቶቻችን ግማሾቹ ቆርቆሯቸውን ነቅለው ሄደዋል። ለእኛ ከከተማው ዳር ምትክ ቦታ ደርሶናል። ቦታ ስል ሜዳ ማለቴ ነው፤ አራት ችካልና ብዙ ንፋስ። ወሩ ሳያልቅ ቢያንስ አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ማቆም አለብን፤ ለዚያ ደግሞ እንጨት ያስፈልጋል። እንጨት አለን። ከሞተ ሁለት ዓመት የሚሆነው አባቴ፣ ታደሰ፣ ከጫጫ ወዲያ ባለችው የትውልድ መንደሩ በምንጭ አፋፍ ባሕር ዛፍ ተክሎ ነበር። “ሳረጅ ቤት እሠራበታለሁ” ይል ነበር። እሱ ሳያረጅ ሄደ፤ ዛፉ ግን ደረሰ።

ባለፈው ሳምንት የአባቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ደምሴ ከመንደሩ ደወለ። “ሰፈሩ ተሰብስቦ ዛፉ ምንጩን አደረቀብን፣ ይነሣልን ብሏል። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይወሰናል። ባለቤት ቀርቦ ካልተናገረ ቆርጠው ለምንጩ አጥር ያደርጉታል። እኔ ወንድሙ ነኝ እንጂ ባለቤት አይደለሁም” አለ።

እናቴ ጉልበቷ መንገድ አይችልም። በር ላይ ቆማ ሁለት ነገር አዘዘችኝ። “ዛፉን ይዘሽ ነይ። ደግሞ እዚያ ያለውን የአባትሽን ድርሻ እንዳትለቂ። ከዚህ ተነሡ ተብለናል፤ ከዚያም ከተነሣን ሰው የት ናችሁ ሲለን ምን እንላለን?”

የመጀመሪያው ትእዛዝ ቀላል መሰለኝ። ሁለተኛው ግን እስከ መጨረሻው አልለቀቀኝም።

ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ፒያሳ ስደርስ የምሠራበት ኬክ ቤት መዝጊያው እስከ ግማሽ ተነሥቷል፤ የማኪያቶ ማሽኑ ሲተነፍስ ይሰማል። አለቃዬ ስድስት ቀን ፈቅዶልኛል። ሲፈቅድልኝ ግን “ባንኮኒው አይጠብቅሽም” ብሏል፤ ቀልድ ነው ብዬ አለፍኩት። ከፒያሳ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ መገናኛ፣ ከመገናኛ ላምበረት። መናኸሪያው ውስጥ ረዳቱ “ደብረ ብርሃን አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ” እያለ ሲጣራ ሮጬ ገባሁ። ከእኔ በኋላ ስድስት ሰው ገባ።

አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ የተጠቀለለ የውኃ ጎማ እንደ ሕፃን ታቅፏል። ለገጣፎን እንዳለፍን ወሬ ጀመረ።

“ከየት ሰፈር ነሽ?”

“ዶሮ ማነቂያ።”

“አሁንም አለ እንዴ?”

“እስከ ወሩ መጨረሻ አለ።”

ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም፤ እሱም ተወው። ሁለት ቦታ ለፍተሻ ወረድን። መታወቂያዬን ባወጣሁ ቁጥር ዓይኔ የቤት ቁጥሩ ላይ ያርፋል። የሚፈትሸው ልጅ ሁለተኛው ላይ ካርዱን አገላብጦ “አድራሻሽ ይህ ነው?” ሲለኝ ልቤ ለምን እንደመታ አላውቅም። “ነው” አልኩት። ውሸት አልነበረም፤ ገና ነው።

ከሸኖ በኋላ ብርዱ በመስኮቱ ጠርዝ ይገባል። የገብስ ክምር፣ የኩበት ክምር፣ የድንጋይ አጥር፣ በየአጥሩ ጥግ ባሕር ዛፍ። ከዚያ በፊት ዛፍን እንደዚያ አይቼ አላውቅም። እያንዳንዱን ሳይ ይህ ማገር፣ ያ ምሰሶ፣ ያኛው ቀጥ ያለው የበር መቃን እያልኩ በሐሳቤ ቤት ሠርቼ ጨረስኩ።

ጫጫ ወርጄ ቦምቦሊኖ በሻይ በላሁ። ከዚያ ባጃጅ መንገዱ እስከሚያልቅበት ወሰደኝ። ጋሼ ደምሴ በቦት ጫማና በወፍራም ጋቢ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ እንደገና ግንባሬን ሳመኝ። ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። እሱ አይቸኩልም፤ እኔ እቀድመዋለሁ፣ ቆሜ እጠብቀዋለሁ፣ እንደገና እቀድመዋለሁ።

መንደሩ ጋ ስንደርስ አንድ ነገር አስቆመኝ። ዙሪያው በከብት የተላጨ መሬት ነው፤ መሐሉ ላይ ግን እስከ ወገብ የሚደርስ ሣር ቢጫ ሆኖ ይወዛወዛል። አጥር የለውም።

“ጋሼ፣ ከብቱ ለምን አይገባበትም?”

“ጥብቅ ነዋ። ከሰኔ ጀምሮ የተከለከለ ነው። ነገ ይከፈታል።”

“ማን ይጠብቀዋል?”

“ሰው ሁሉ።”

ከሣሩ በላይ ምንጩ አለ፤ ከምንጩ በላይ የአባቴ ዛፎች። ስድሳ ያህል ይሆናሉ፤ ረጃጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ የሚያብለጨልጩ። ደስ አለኝ። ዓይኔን ወደ ታች ሳወርድ ግን ከድንጋዩ ሥር የሚወጣው ውኃ የጣቴን ያህል ቀጥኖ አየሁት። ክረምት ከወጣ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። ቢጫ ጀሪካኖች በሰልፍ ተደርድረዋል፤ ሴቶቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። ከመሐላቸው አንዷ፣ ከሲታ፣ ሻሿን ግንባሯ ድረስ ያሰረች፣ ቀና ብላ አየችኝ።

“የታደሰ ልጅ ነሽ። ቁመትሽ የእሱ ነው።”

“አዎ፣ ነኝ።”

“እንግዲያው ዛፉ ያንቺ ነው።”

“አዎ።”

ወደ ዛፎቹ አንጋጣ አየች፤ ከዚያ ወደ ጀሪካኗ። “ደኅና አድርጎ ጠጥቷል” አለች። ሴቶቹ ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ግን ጆሮዬ ጋለ። ጋሼ ደምሴ ክንዴን ይዞ ወደ ቤት እየወሰደኝ “አስካለ ናት” አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም። ቢጨምር ኖሮ የሚቀጥለው ቀን ሌላ ቀን ይሆን ነበር።

ዓርብ፣ ሣሩ የተከፈተበት ቀን

ጋሼ ገና ጎሕ ሲቀድ ወጣ። እሱ በየዓመቱ ሣሩ በሚካፈልበት ገመድ አንዱን ጫፍ የሚይዝ ሰው ነው፤ ልጁ ጌታቸውም የቤታቸውን ማጭድ ይዞ ተከተለው። ሚስቱ አራስ ልጇን ልትጠይቅ ደብረ ብርሃን ሄዳለች። “አንቺ ሙቂ፣ ቆሎ አለ፣ አርፈሽ ተቀመጪ” ብሎኝ ነበር።

መቀመጥ አልችልም። ቤት ውስጥ ሦስት ጊዜ ዞርኩ። ግድግዳው ላይ አንድ ማጭድ ተሰቅሎ አየሁ፤ እጀታው ላይ የመስቀል ቅርጽ ተቀርጿል። አባቴ የሰፈራችንን መጥረቢያ፣ መዶሻ፣ የእናቴን የቢላ እጀታ ሳይቀር በዚሁ ምልክት ይቀርጽ ነበር። የአባቴ መሆኑን ለማወቅ የሚነግረኝ አላስፈለገኝም። ለእኔ የተተወ መሰለኝ። ሰዎቹ ሳልሠራ ከሚያዩኝ ስሠራ ቢያዩኝ፣ እሁድ ስለ ዛፉ ስናገር ይሰሙኛል ብዬም አሰብኩ። ነጭ ስኒከሬን እንዳደረግኩ ማጭዱን ይዤ ወረድኩ።

መንደሩ በሙሉ ሜዳው ዳር ቆሟል። ማጭዶቹ መሬት ላይ በአንድ ረድፍ ተጋድመዋል። የሣር ዳኛ የሚሏቸው አቶ ወንድሙ የሚባሉ ሽማግሌ በረድፉ እየሄዱ በእያንዳንዱ ማጭድ ላይ ይቆማሉ። “የማን ቤት?” ይላሉ። የያዘው ሰው የቤቱን ስም ይናገራል። እሳቸው አንድ ጠጠር ከእጃቸው ወደ ቁና ይጥላሉ። አንድ ቤት፣ አንድ ማጭድ፣ አንድ ጠጠር። በጠጠሩ ልክ ሣሩ በገመድ ይካፈላል፤ ከዚያ ዕጣ።

ማጭዴን ከረድፉ መጨረሻ አጋደምኩ። ደረሱብኝ። ነጩን ጫማዬን አዩ፤ ማጭዱን አዩ።

“የማን ቤት?”

“የታደሰ ቤት” አልኩ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እየኮራሁ።

ጠጠሩን እንደያዙ ቆሙ። ጋሼ ደምሴ ከሜዳው ማዶ ገመዱን እንደያዘ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አቶ ወንድሙ ወደ እሱ ተመለከቱ፤ እሱ አንገቱን ደፋ። ጠጠሩ ቁናው ውስጥ ወደቀ።

እኔ መቆጠሬ ከዘመድ ጋር መቀላቀል ብቻ መስሎኝ ነበር። ያቺ አስካለ የተባለችው ሴትዮ ባዶ እጇን እያለከለከች ስትመጣ፣ ረድፉን ከዳር እስከ ዳር ስታይ፣ ከዚያ ከሜዳው ወጥታ ድንጋይ ላይ ስትቀመጥ አይቻታለሁ። ደክሟት ነው አልኩ።

ቀኑን ሙሉ አጨድኩ። አጨድኩ ከማለት ሣሩን ቀጠቀጥኩት ቢባል ይሻላል። ዕጣው ከአጠገቤ የደረሰው አለማየሁ የሚባል ጎበዝ፣ የራሱን ጨርሶ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና “እህቴ፣ ሣሩ ምን በደለሽ?” አለኝ። ሰዓቱ ደርሶ ሰው ሊበላ ሲቀመጥ መዳፌ ደም ሆኗል። አስካለ መጥታ ከነጠላዋ ጫፍ ቀደደችና እጄን አሰረችልኝ። የያዘችውንም ቆሎ አካፈለችኝ።

“እትዬ፣ እርስዎ ለምን አያጭዱም?” አልኳት።

“ዘንድሮ አልደረሰኝም” አለች፤ ቋጠሮውን እያጠበቀች።

ማታ እሳት ዳር ጋሼ ደምሴ ነገሩን ነገረኝ። ማጭዱ የአባቴ ነው። አባቴ አዲስ አበባ ከገባ ጀምሮ ግን በዚያ ማጭድ የምታጭደው አስካለ ናት። ባሏ ሲሞት ወንድሞቹ መሬቱን ያዙት፤ እሷ በራሷ ስም የተቆጠረ ቤት የላትም። በየዓመቱ ሣሩ በሚከፈትበት ጠዋት እዚህ መጥታ ማጭዱን ከግድግዳው ታወርዳለች፤ “የታደሰ ቤት” ብላ ትቆጠራለች። ዛሬም መጥታ ነበር፤ ግድግዳው ባዶ ነበር።

“ታዲያ እርስዎ ጠዋት ለምን አልተናገሩም?” አልኩት።

“ቤት እየተቆጠረ ሰው አይናገርም። ደግሞ አንቺው ተናግረሻል እኮ።”

“ስህተት ነው እላቸዋለሁ። ሣሩን እሰጣታለሁ።”

“ዕጣ የወጣለት ሣር ለሌላ አይሰጥም። ዛሬ ብንፈቅድ ነገ ሻጩ ይበዛል።” እሳቱን በእንጨት ነካ ነካ አደረገ። “የሣሩስ ቀላል ነበር። የዛፉን አበላሸሽው።”

ጋሼ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። እስከ ትናንት ድረስ፣ አስካለ በስሙ ብታጭድም፣ የታደሰ ቤት ከመንደሩ የወጣ ቤት ነበር፤ የራሱ ሰው አልገባበትምና። የወጣ ቤት ባለቤቱ ቀርቦ ከጠየቀ ንብረቱን ይዞ ይሄዳል፤ ማንም አይከለክለውም። አሁን ግን ገብቻለሁ። የገባ ቤት የሰፈሩ ሕግ ይይዘዋል። ሕጉ ደግሞ ምንጭ ራስ ላይ ባሕር ዛፍ የተከለ ሰው በራሱ እጅ ቆርጦ ለምንጩ አጥር ይሰጣል ነው። አለማየሁ ባለፈው ዓመት አርባ ዛፍ ሰጥቷል።

“ስለዚህ ወይ ዛፉ፣ ወይ ድርሻው” አልኩ።

“እንደዚያ ነው።”

እናቴ ሁለቱንም ነበር ያዘዘችኝ።

ቅዳሜ

ሥራ የለም። ለኔ ዓይነት ሰው ከዚህ የከፋ ቀን የለም። ኔትወርክ ፍለጋ ከመንደሩ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ወጣሁ። ሁለት መስመር እንደመጣ እናቴ ደወለች።

“እንዴት ሆነ?”

“ነገ ነው የሚወሰነው።”

“ድርሻውስ?”

“ትናንት አስቆጥሬዋለሁ” አልኳት። ቃል በቃል እውነት ነው። ድምፁ ሲቆራረጥ ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝም አፈርኩ። ማፈር አልፈጠረብሽም ያለችኝ እሷ ናት።

ከኮረብታው ስወርድ እግሬ ወደ አስካለ ደጅ ወሰደኝ። አንድ ክፍል ቤት፣ ከጎኑ በረት፣ በረቱ ውስጥ አንድ ጥቁር ላም። ሌላ ነገር አላየሁም፤ ስለሌለ ነው።

“ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት” አልኩ፤ ቆሜ።

“ቁጭ ብለሽ ጠይቂ” አለች። ተቀመጥኩ። “ሣሩ የአባትሽ ነው። በሰው ማጭድ ስገባ ስንት ዓመቴ፤ አንድ ቀን ባለቤት እንደሚመጣ አውቅ ነበር። ነጭ ጫማ አድርጎ ይመጣል አላልኩም እንጂ።”

“ላሟስ?”

“እስከ ጥር በጭዱም በምኑም አቆያታለሁ። ከዚያ ገበያ።” ይህን ስትል ላሟን አላየቻትም።

“እኛም ተነሡ ተብለናል” አልኩ። “ቤታችን ሊፈርስ ነው።”

“ማን ነገራችሁ?”

“ግድግዳው ላይ ቁጥር ተጻፈ።”

አስካለ ይህን ለጥቂት ጊዜ አሰበችበት። “እዚህስ ሰው ነው የሚነግርሽ” አለች። “ይሻላል ማለቴ አይደለም።”

ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ዛፉን ብተው እናቴ ሜዳ ላይ ናት። ድርሻውን ብተው አባቴ የመጣበት ቦታ ላይ ስሙ የሚጠራበት ነገር የለም። በዚህ ስገለባበጥ አስካለ ላሟን ያላየችበት መንገድ ይመጣብኛል።

እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ

ምንጩ ጋ ተሰበሰቡ፤ ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን አስቀምጠው በሌላ በኩል። አቶ ወንድሙ በትራቸውን ተደግፈው “የዛፉ ባለቤት ትናገር” አሉ።

ተነሣሁ። የአባቴን ማጭድ በእጄ ይዣለሁ። “ዛፉን ለቤት ነው የምፈልገው። ቤታችን ይፈርሳል፤ የተሰጠን ባዶ ሜዳ ነው” አልኩ።

አለማየሁ ከተቀመጠበት “ፒያሳ ዛፍ የለም እንዴ?” አለ።

“አለ። አዲስ የተተከለ ዘንባባ ነው፤ ጥበቃ አለው።”

ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም። “እኔም ቤት ሠርቼ ልጄን ላስገባበት ነበር ያን እንጨት የተከልኩት። ሰጠሁ። እሷ ማጭድ ይዛ ገብታ፣ ሣር አጭዳ፣ ዛፉንም ጭና ልትሄድ ነው? አላወቅኩም ልትል ነው?”

“አላወቅኩም” አልኩ። “ግን አጭጃለሁ። አልክድም።”

አቶ ወንድሙ እጃቸውን አነሡ። “ልጄ፣ ነገሩ አጭር ነው። ገብቻለሁ ካልሽ የአባትሽ ቤት አለ፤ ዛፉ ለምንጩ ነው። ወጥቻለሁ ካልሽ ማጭዱን እዚህ ታስቀምጫለሽ፤ የታደሰ ቤት ከእንግዲህ አይጠራም፤ ዛፍሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ። ሦስተኛ የለም።”

ስልኬን አወጣሁ። ኔትወርክ የለም። መልሼ ከተትኩት።

“ማጭዱን ባስቀምጥ ለማን ይሆናል?” አልኩ።

“ለሰፈሩ። ሰፈሩ ይመክርበታል።”

“እንደዚያ ከሆነ አላስቀምጥም። ለእትዬ አስካለ ከሆነ ግን አስቀምጣለሁ። በአባቴ ስም አይደለም፤ በራሷ። ያጨድኩት ሣርም አብሮ።”

ጉርምርምታ ሆነ። አንዱ “ወጪ ቤት ለሰፈር ሕግ ታወጣለች?” አለ።

“እስክወጣ ድረስ ገቢ ነኝ” አልኩ። “ጠጠሬ ቁናው ውስጥ ነው። ራሳችሁ ናችሁ የቆጠራችሁኝ። ገቢ ደግሞ ይናገራል።”

በሴቶቹ በኩል አንዷ “ልክ ናት” አለች። ሌላዋም አለች። አቶ ወንድሙ ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩ። ሽማግሌዎቹ ጭንቅላታቸውን ገጥመው ተነጋገሩ፤ ረጅም ሰዓት የወሰደ መሰለኝ። ከዚያ አቶ ወንድሙ ከኪሳቸው አንድ ጠጠር አውጥተው ወደ እኔ ተመለከቱ። ሄጄ ማጭዱን እግራቸው ሥር አጋደምኩት። እጀታው ላይ ያለችው መስቀል ወደ ላይ ነበረች።

“የማን ቤት?” አሉ።

አስካለ ከሴቶቹ መሐል ተነሣች። ሻሿን ወደ ኋላ ገፋች። ሰው ሁሉ ይጠብቃታል፤ እሷ ግን ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች እንጂ ድምፅ አይወጣትም። ስትለማመድ የኖረችው ሌላ ስም ነዋ።

“የማን ቤት?” አሉ እንደገና፤ ለስለስ አድርገው።

“የአስካለ ቤት” አለች።

ጠጠሩ ወደቀ። ሰዉ ሲበተን ጋሼ ደምሴ አልጠበቀኝም። ቤት ስደርስ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ማጭዱ የነበረበትን ባዶ የግድግዳ መስቀያ ያያል። “ወንድሜን ዛሬ ገና ቀበርኩት” አለኝ። እራት አቀረበልኝ፤ አብረን በላን።

ሰኞና ማክሰኞ

ሰኞ ጠዋት ዛፉን ልናስቆርጥ ስንሄድ አለማየሁ መጥረቢያውን ይዞ ቀድሞን ደርሷል። “ቶሎ ብትሄጂ ውኃው ቶሎ ይመጣል ብዬ ነው” አለኝ። እስከ ማታ ቆረጡ። ጉቶው እንደገና እንዳያቆጠቁጥ ሴቶቹ እየላጡ አፈር ደፈኑበት። እኔም ደፈንኩ። ምንጩ በዚያው ቀን አልሰፋም፤ አይቼዋለሁ፣ ያው የጣቴን ያህል ነው።

ጋሼ ከጫጫ ያስመጣው አይሱዙ መንገዱ እስከሚያልቅበት መጣ፤ ግንዱን እስከዚያ በአህያና በትከሻ አወጡት። ማክሰኞ ገና ሳይነጋ ስነሣ ጋሼ ደምሴ የበሶ ቋጠሮ ሰጠኝ። ግንባሬን ሳመኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። አስካለ መንገድ ዳር ቆማ ነበር። እጄን ፈትታ ቁስሉን አየችና መልሳ አሰረችው።

ሾፌሩ ቀጥታ ወደ ምትክ ቦታው መሄድ ነበር የፈለገው። ለገጣፎ ላይ ለጭነት መኪና የሚፈቀደው ሰዓት እስኪደርስ ቆመን ስንጠብቅ “መጀመሪያ በፒያሳ እንለፍ” አልኩት።

“ፒያሳን ለማየት ነው?”

“እናቴን።”

መንገዱን በሙሉ ለእናቴ የምለውን ስለማመድ ነበር። ሲኤምሲ ላይ አንድ አረፍተ ነገር አገኘሁ፤ አራት ኪሎ ስንደርስ ጠፋብኝ። ዶሮ ማነቂያ አናት ላይ ሾፌሩ መኪናውን ዳር አስጠግቶ አቆመ፤ “አምስት ደቂቃ፤ ትራፊክ ሳይመጣ” አለኝ። ከሄድኩ ወዲህ ከፊታችን የነበረው የጎረቤቶቻችን የእነ ናርዶስ ቤት ፈርሷል፤ የእኛን ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ከዋናው መንገድ አየሁት።

እናቴ ናሆምን ተደግፋ ቀስ እያለች ወጣች። ግንዶቹን በእጇ ዳሰሰች። የአንዱን ልጣጭ ቆንጥራ አሸተተችው።

“የእሱ ነው” አለች። ከዚያ ዞረች። “ድርሻውስ?”

“ለቀቅኩት።”

ናሆም ወደ መሬት አየ። እናቴ ልጣጩን እጇ ውስጥ ታሽከረክረዋለች።

“አስቆጠርኩት አላልሽኝም?”

“አስቆጥሬው ነበር። እሱ ነው ጥፋቴ። ማጭዱን አንሥቼ የእሱን ስም ተናገርኩ። ከዚያ ወይ ዛፉ ወይ ድርሻው አሉኝ።”

“ለማን ሆነ?”

“አስካለ ለምትባል ሴት። አንድ ላም አለቻት። እስከ ዛሬም በአባዬ ማጭድ የምታጭደው እሷ ነበረች።”

“ታደሰ እያወቀ?”

“እያወቀ።”

“ለእኔ ግን አልነገረኝም” አለች፤ ለራሷ ነው። ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ። “ናሆምን ብልከው ይሻል ነበር” አለችኝ።

“ናሆም ቢሄድ ማጭዱን አያነሣም ነበር” አልኳት።

“አያነሣም” አለች።

ናሆም ከኋላ ግንዶቹ ላይ ወጥቶ ገመዱን ያዘ። ከመንገዱ ማዶ የትራፊክ ፊሽካ ተሰማ። እናቴ የታሰረውን እጄን አነሣች፣ አየችው፣ ጨርቁ የማን ነጠላ እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ለቀቀችኝ።

ወደ መኪናው ወጣሁና በሩን ሳብኩት። ሾፌሩ ማርሽ አስገባ፤ ወደ ሜዳችን ሄድን።